በበረዶ የተቀበረው ጆንያ፦ የካርሊቭካ ስንዴ ጉዳይ

ጆንያው ውስጥ ያለው ስንዴ እርጥብ ነው። ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ሊያጎነቁል ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ ቢያገኝ በ2 ወይም በ3 ቀን ሥር ያወጣል። ባለቤቱ ግን ወደ ሙቀት አላስጠጉትም። በረዶ ቆፍረው ቀበሩት። በረዶው ሲቀልጥ አውጥተው ግማሽ ሄክታር ላይ ዘሩት።

ይህ የሆነው በ1929 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦታው ዩክሬን ውስጥ፣ ፖልታቫ አካባቢ፣ ካርሊቭካ ነው። ገበሬው ዴኒስ ሊሴንኮ ይባላሉ። ሐሳቡ የልጃቸው የትሮፊም ነበር፤ በኋላ የሶቪየት ኅብረት የግብርና ሳይንስ አለቃ የሆነው ሰው ነው። ስንዴው ዩክራይንካ የሚባል ዝርያ ነው። በተለመደው ሥርዓት በመስከረም የሚዘራውን ይህን ስንዴ እሳቸው በጸደይ ዘሩት። እሱም አሸተ፤ እህል ሆነ። በዚያው ሐምሌ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፖለቲካው በኩል ነው። ስታሊን፣ እስር ቤት፣ የታገደ ሳይንስ። እኔ ግን ታሪኩን ከዘሩ በኩል ላየው እፈልጋለሁ። ያ ብርድ ጆንያው ውስጥ ምን ሠራ? ምን አልሠራም? ሰዎቹስ ሁለቱን መለየት ለምን አቃታቸው?

ስለ አንድ ቃል

ከመቀጠሌ በፊት ቋንቋችን ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ስንዴ በእነሱ አጠራር «የክረምት ስንዴ» ነው። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ የሰኔና የሐምሌ ዘር ነው። ለእነሱ ምድር ድንጋይ የምትሆንበት፣ ማረሻ የማይገባበት ጊዜ ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ነገሩ ሁሉ ይገለበጥብናል። ስለዚህ «የበረዶ ወራት ስንዴ» ብዬ ልጥራው። ሌላውን ደግሞ «የጸደይ ስንዴ»። የእኛ አገር ስንዴ በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው።

የበረዶ ወራት ስንዴ ኑሮው እንዲህ ነው። በመስከረም ይዘራል። መሬቱ ገና ለብ እንዳለ ይበቅላል፤ ቅጠል ያወጣል፤ ትንሽ ይንሰራፋል። ከዚያ በረዶ ይወርድበትና ይተኛል። በረዶው ብርድ ልብሱ ነው፤ ከላይ አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ ከሥር ያለው ተክል በሕይወት ይቆያል። በመጋቢትና በሚያዝያ ይነቃል። ሥሩ ቀድሞ ስለወረደ የቀለጠውን ውሃ ይጠጣል። በሐምሌ ይታጨዳል። ከጸደይ ስንዴ የበለጠ ምርት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

አደጋው ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ ነው። በረዶው ካልጣለ፣ ወይም ቀልጦ መልሶ እንደ መስተዋት ከረጋ፣ ቡቃያው ያልቃል። ከ1927 ወደ 1928፣ ከዚያም ከ1928 ወደ 1929 በተሻገሩት ወራት ዩክሬን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ በብርድ ጠፋ።

ታዲያ ያንኑ ስንዴ በጸደይ ለምን አይዘሩትም? ይዘሩታል፤ ይበቅላልም። ግን አያሽትም። አረንጓዴ ሆኖ፣ ተንሰራፍቶ፣ ሣር ሆኖ ይቀራል። የዴኒስ ሊሴንኮ ግማሽ ሄክታር ወሬ የሆነው ይህን ስላለፈ ነው።

ብቅል የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቃል

እናቴ ብቅል ስታበቅል አስታውሳለሁ። ገብሱን ታጥበዋለች፤ ሌሊቱን ትዘፈዝፈዋለች፤ በማግስቱ ታጠልለውና በቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች። ብርድ በሆነ ጊዜ ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። ሲሞቅ ታርቀዋለች። እጇን ጥቅሉ ውስጥ ሰደድ አድርጋ ታያለች። «ግሏል» ካለች ትበትነዋለች። ቴርሞሜትር የላትም። እጇ ግን በደንብ ይለካል።

በዚያ ጥቅል ውስጥ የሚሆነው ነገር ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዘሩ ውሃ ይጠጣል። ይህ ሕይወት አይደለም። የሞተ ዘርም ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ ያበጠ ዘር አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሽሉ የሚነቃው። ኢንዛይሞች ይሠራሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰብሩታል። ብቅል ስታኝኩት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ሙቀት የሚገዛውም ይህን ሁለተኛውን ደረጃ ነው። ሲበርድ ኢንዛይሙ ይንቀራፈፋል። ሲሞቅ ይፈጥናል። ከልክ ሲያልፍ ይበላሻል።

እያንዳንዱ ሰብል የራሱ ልክ አለው። ስንዴና ገብስ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ብርድም ቢሆን ቀስ እያሉ ይበቅላሉ። እጅግ የሚመቻቸው ከ20 እስከ 25 ነው። በቆሎ ከ10 ዲግሪ በታች እንቢ ይላል። የሚወደው ከ30 በላይ ነው። ጥጥ ደግሞ አፈሩ 15 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይነሣም፤ ቢነሣም ጠማማ ሆኖ ነው።

ሌላው የሙቀትና የቀን ብዜት ነው። ስንዴ ሥር ለማውጣት በግምት 50 ያህል «የዲግሪ ቀን» ይፈልጋል። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። በ4 ዲግሪ ግን 12 ቀን ገደማ። ወጣቱ ትሮፊም ሊሴንኮ በ1928 ባኩ ላይ ያሳተመው ጽሑፍ የተነሣው ከዚሁ ስሌት ነው። ሙቀት የእያንዳንዱን የእድገት ደረጃ ርዝመት እንዴት እንደሚወስን ሊያሰላ ሞክሮ ነበር። ሰውዬው ከመነሻው ዋዛ አልነበረም። አዘርባጃን ውስጥ ጋንጃ በሚባል የምርምር ጣቢያ ከ1925 ጀምሮ ተቀምጦ፣ የተለያዩ ሰብሎችን በተለያየ ቀን እየዘራ መዝግቧል። ይህን የምለው ታሪኩ «አንድ አታላይ መጣ» ተብሎ ሲተረክ ዋናው ነገር ስለሚጠፋ ነው። መነሻው እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

ብርድ ለዘር ሁለት ጊዜ ይናገራል

የብቅሉ ዕውቀት ግማሹ ብቻ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ሙቀት ዘሩን የሚያዘው «ብቀል» ወይም «ቆይ» ብሎ ብቻ አይደለም። ለአንዳንዱ ዘር ሌላ መልእክትም ያደርሳል። መልእክቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ይህን አጥርቶ ያሳየው ጀርመናዊው ጉስታቭ ጋስነር ነው። ሥራውን ያሳተመው በ1918፣ ካርሊቭካ ከመወራቷ 11 ዓመት በፊት ነው። ራይ ከሚባለው፣ የስንዴ ዘመድ ከሆነው እህል፣ የበረዶ ወራቱን ወገን ወሰደ። አንዱን ወገን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ባለው ብርድ አበቀለው። ሌላውን በ24 ዲግሪ። ሌሎቹን በመካከል። ከዚያ ሁሉንም በተለያየ ቀን ወደ ማሳ አወጣ። በብርድ የበቀለው በጸደይ ዘግይቶ ቢተከል እንኳ አሸተ። በሙቀት የበቀለው ማሳ ላይ ብርድ ካላገኘ ሣር ሆኖ ቀረ። ለማሸት ያበቃው በማብቀያ ጊዜ ያገኘው ብርድ ነበር ማለት ነው። የጸደይ ራዩን ደግሞ በየትኛውም ዲግሪ ቢያበቅለው ግድ አልነበረውም።

ጋስነርም የመጀመሪያው አይደለም። በ1857 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ጆን ክሊፓርት የሚባል ሰው የበረዶ ወራት ስንዴ ትንሽ አጎንቁሎ በብርድ ከተያዘ በጸደይ ሊዘራ እንደሚችል ጽፎ ነበር።

እንግዲህ የሊሴንኮ አባት ጆንያ ውስጥ የሆነው ነገር እውነት ነው። ስንዴው ውሃ አግኝቷል፤ ሽሉ ነቅቷል፤ ብርዱ ግን እንዳይሮጥ ይዞታል። በነቃበትና በማይሮጥበት በዚያ ጊዜ የብርዱን መልእክት ተቀበለ። ደረቅ ዘር ብርድ ቤት ቢቀመጥ ይህ አይሆንም። እርጥበት ያስፈልጋል። ሕይወት መንቀሳቀስ አለበት።

በ1929 ጥር ሌኒንግራድ ላይ ትልቅ የዘረመልና የዘር ማሻሻያ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ሊሴንኮ እዚያ ጽሑፍ አቀረበ። ኒኮላይ ማክሲሞቭ የሚባለው የታወቀ የተክል ፊዚዮሎጂ ሊቅ ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑን ተናገረ። ትክክል ነበር። ግን በዚያው ዓመት ጸደይ ገበሬው ግማሽ ሄክታር ዘሩ፤ በሐምሌ ጋዜጣው ጻፈ። የጋዜጣው ድምፅ ከጉባኤው ድምፅ በለጠ። የዩክሬን የግብርና ሹማምንት ሁለት ዓመት ስንዴ አልቆባቸው መድኃኒት እየፈለጉ ነበር። ሊሴንኮን ኦዴሳ ወዳለው ተቋም አመጡት። ዘዴውም «ያሮቪዛሲያ» ተባለ፤ የጸደይ ማድረግ እንደ ማለት ነው። ዛሬ ሌላው ዓለም ቨርናላይዜሽን ይለዋል።

ያልተዘራው መደብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ያ ግማሽ ሄክታር ምን አሳየ? ስንዴው ማሸቱን አሳየ። ይህ ከጋስነር በኋላ አያስገርምም። የበለጠ ምርት ሰጠ ለማለት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እዚያው አጠገብ፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ቀን፣ ጥሩ የጸደይ ስንዴ ተዘርቶ መለካት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፤ በተለያየ ቦታና ዓመት ተደጋግሞ። ከአንድ ሰው ማሳ፣ ከአንድ ዓመት ዝናብ የተገኘ ውጤት የአገር መመሪያ ሊሆን አይችልም። ገበሬ ይህን ያውቃል። «ዘንድሮ ያዘልኝ» ይላል እንጂ «ሁልጊዜ ይይዛል» አይልም።

ሊሴንኮ ግን ወደ ሜዳ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ የበረዶ ወራት ስንዴን ትቶ ትኩረቱን ወደ ጸደይ ስንዴ አዞረ። ብዙ ሰው ይህን ነጥብ አያውቅም። የጸደይ ስንዴ ለማሸት ብርድ አይለምንም። ለጥቂት ቀን አርጥቦ በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ቢበዛ እድገቱን በጥቂት ቀን ያስቀድመዋል። ተስፋው ይህ ነበር፤ እህሉ ቀድሞ ከደረሰ ሱኾቬይ ከሚባለው፣ ደቡቡን ከሚያቃጥለው ደረቅ ነፋስ ያመልጣል። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ጥያቄው በዚያ ጥቂት ቀን የሚገኘው ትርፍ ድካሙን ይከፍላል ወይ ነው።

ድካሙን አስቡት። የጋራ እርሻ ነው፤ ኮልሆዝ ይሉታል። መጋዘኑ ወለል ላይ በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ዘር ይዘረጋል። የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ይጨመርበታል፤ አንዴ ሳይሆን በየተራ። ውሃው ከበዛ ያጎነቁላል። ካነሰ ሽሉ አይነቃም። ከዚያ በአካፋ ይገለበጣል፤ ቀንም ሌሊትም። ዲግሪው ከፍ ካለ ክምሩ ሳሳ ተደርጎ ይበተናል። ከወረደ ይወፍራል። የበረዶ ወራት ስንዴ ከሆነ ይህ ሳምንታትን ይፈጃል፤ የጸደዩ በቀናት ያልቃል።

አሁን የእናቴን ጥቅል አስታውሱ። አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ገብስ እንኳ ራሱን ያሞቃል። እርጥብ እህል ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ሙቀት ይሰጣል። ትንሽ ጥቅል በእጅ ይገራል። መጋዘን ሙሉ ክምር ግን ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ይፍማል። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትሰዱ ከሥር ትኩስ ነው፤ ሽታውም ተቀይሯል። ላዩ ላይ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ግን «3 ዲግሪ» ይላል። ውስጡ የሻገተ፣ ጎንቁሎ ሥሩ የተጠላለፈ፣ የታፈነ ዘር አለ። ሥር ያወጣ ዘር በአካፋ ሲገለበጥ ሥሩ ይሰበራል። ያበጠ ዘር መዝሪያ ማሽን ውስጥ እንደ ደረቅ ዘር አይፈስም። ስለዚህ በሄክታር የሚወርደው መጠን ይዛባል። ከወረደ በኋላም አፈሩ ደረቅ ከሆነ የነቃው ሽል መልሶ መተኛት አይችልም። ደረቅ ዘር ዝናቡን ይጠብቃል። የነቃ ዘር አይጠብቅም፤ ይሞታል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው የሰው ጉልበት እጅግ በሚፈለግበት የዘር ወቅት ነው።

ውጤቱ እንዴት ተለካ? ተቋሙ ለየእርሻው መጠይቅ ይልክ ነበር። የእርሻው ሹም ሞልቶ ይመልሳል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ የመንግሥትን አዲስ ዘዴ «አልሠራም» ብሎ የሚጽፍ ሹም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሻግቶ የተጣለው ዘር መጠይቁ ላይ አይታይም። ያልመለሰም አይቆጠርም። ተሞልቶ የመጣው ወረቀት ሁሉ ጥሩ ነገር ያወራል። በ1935 ዘዴው ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሸፈነ ተነገረ።

ወረቀቱን የሞሉትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። እኛም አገር «እቅዱ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ያየ ሰው ይገባዋል። ሪፖርቱ ውስጥ በአዲሱ ዘዴ ያልዘሩት ጎረቤቶች ምርት ካልተጻፈ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር ባዶ ነው።

የሚገባውን ሥራ የሠሩም ነበሩ። ፒዮትር ኮንስታንቲኖቭ፣ ፒዮትር ሊሲትሲንና ቡልጋሪያዊው ዶንቾ ኮስቶቭ በ1936 ውጤታቸውን አወጡ። ለ5 ዓመት፣ ከ50 በሚበልጡ የሙከራ ቦታዎች፣ የረጠበውንና ያልረጠበውን ጎን ለጎን ዘርተው የመዘኑ ሙከራዎችን ሰበሰቡ። በአማካይ ሲታይ የሁለቱ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አንዳንድ ቦታ ጠቅሟል፤ አንዳንድ ቦታ ጎድቷል። ልፋቱን የሚከፍል ነገር አልታየም። ያ ያልተዘራው መደብ በመጨረሻ ተዘራ ማለት ነው። ግን ዘግይቶ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1935 የካቲት፣ ሊሴንኮ በጋራ እርሻ ገበሬዎች ጉባኤ ላይ ሲናገር ስታሊን «ብራቮ፣ ጓድ ሊሴንኮ» ብሎታል። ከዚያ በኋላ በሚዛን የሚከራከር ሰው ብዙ ጉልበት አልነበረውም።

ከአንኮበር እስከ ሳራቶቭ

ኒኮላይ ቫቪሎቭን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ገብቶ እስከ 1927 ጸደይ አገራችንን በቅሎ ላይ ሆኖ አይቷል። አዲስ አበባ ላይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል። ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን እየተጓዘ ከየገበያውና ከየማሳው ዘር ሰብስቧል። ፍሬው ወይን ጠጅ የሚመስለውን ስንዴያችንን፣ ገብሳችንን፣ ጤፋችንን ያየበት ዓይን ትልቅ ነበር። ይህችን አገር ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ የጻፈው እሱ ነው።

ይህ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊሴንኮን ደግፏል። ብዙ ሰው ይህ ያስገርመዋል። እኔ ግን ይገባኛል። ሌኒንግራድ ባለው ተቋሙ ከዓለም ዙሪያ ያመጣቸው ብዙ ሺህ ናሙናዎች አሉ። እነዚህ ሰብሎች በዚያ የሰሜን ሰማይ ሥር በአንድ ጊዜ አያብቡም። አንዱ ቶሎ ያሽታል፤ ሌላው እስከ መጨረሻው ሣር ነው። በአንድ ጊዜ ካላበቡ ማዳቀል አይቻልም። ብርዱን ዘሩ ላይ ሰጥቶ ማስቀደም ከተቻለ ግን ያ ሁሉ ሀብት ሥራ ላይ ይውላል። ቫቪሎቭ ያየው ይህን ነበር። ለዘር አዳቃይ ትክክለኛው ጥቅም እርግጥም ይኸው ነበር።

ሁለቱ የተለያዩት ሊሴንኮ ከዚህ አልፎ ሲሄድ ነው። ብርድና ሙቀት የስንዴን ባሕርይ ለልጅ ልጅ ይቀይራሉ አለ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ኮኦፔራቶርካ የሚባል የበረዶ ወራት ስንዴ ነው። ሙከራው የተጀመረው በሁለት ተክሎች ነበር። አንዱ ሞተ። የቀረው የአንድ ተክል ዘር ነው «ወደ ጸደይ ስንዴ ተለወጠ» የተባለው። አንድ ተክል! ያ ተክል ከመጀመሪያው ባዕድ ቢሆንስ? ከጎረቤት ተዳቅሎ ቢሆንስ? ከአንድ ተክል ይህን መለየት አይቻልም።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው። ሊሴንኮ በ1938 የአገሪቱ የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ዘር በመሰብሰብ ላይ እያለ ተያዘ። በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የረሃብን ነገር ለማጥፋት ዕድሜውን ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ አለፈ። ይህን ስጽፍ ይከብደኛል። በ1948 የዘረመል ትምህርት በሶቪየት ኅብረት ተወገዘ። ሊሴንኮ ከሥልጣን የወረደው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

ብዙ ቦታ የማነበውን አንድ ነገር ግን ላርም። በ1932 እና በ1933 ዩክሬንን የፈጀውን ረሃብ ያመጣው ያሮቪዛሲያ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በዚያን ጊዜ ዘዴው የሸፈነው መሬት ትንሽ ነበር። ያን ረሃብ ያመጣው በግዳጅ የተካሄደው የጋራ እርሻና ከገበሬው ጎተራ የተነጠቀው እህል ነው። ሊሴንኮ የሚጠየቅበት ብዙ አለ። የሌላውን ሰው ጥፋት እሱ ላይ መጫን ግን የሞቱትን መበደል ነው።

ብርዱ በእርግጥ ምን ሠርቶ ነበር

መልሱ ሙሉ ሆኖ የመጣው ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2003 እና በ2004 ካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሆርጌ ዱብኮቭስኪ ቡድን ሁለት ዋና ዘረመሎችን ለይቶ አወጣ። አንደኛው ቪአርኤን 1፣ ሁለተኛው ቪአርኤን 2 ይባላሉ። ሁለተኛው ዘበኛ ነው፤ «እንዳታሽት» ብሎ በሩን ይዟል። ብርድ ለሳምንታት ሲቆይ አንደኛው እየበረታ ይሄዳል። በበቂ ሲበረታ ዘበኛውን ዝም ያሰኘዋል። ያኔ ቀኑ ሲረዝም ተክሉ ያሽታል። አንድ ሌሊት ውርጭ ይህን አያደርግም። በጸደይ ስንዴ ውስጥ አንደኛው ገና ከመነሻው ክፍት ነው፤ ብርድ አይጠብቅም።

ይህ ትዝታ በተክሉ ዕድሜ ሁሉ ይቆያል። አዲስ ዘር ሲፈጠር ግን ይፋቃል። ልጁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ እንደገና ብርዱን ይጠብቃል። ጆንያው ዴኒስ ሊሴንኮን በየዓመቱ በረዶ ያስቆፍራቸው ነበር እንጂ ስንዴውን ለዘለቄታው አይለውጠውም ነበር።

ዛሬ የስንዴ አዳቃዮች ዘዴውን በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ጥቂት ቡቃያ፣ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል፣ 4 ወይም 5 ዲግሪ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ከዚያ ወደ ሞቃት ቤት። በዚህ መጠን ይሠራል፤ ቴርሞሜትሩም ልክ ይናገራል።

ለእኛስ? ከበረዶ አገር ዘመድ «ጥሩ ምርት ይሰጣል» ብሎ የላከውን ስንዴ የዘራ ሰው ሣር ብቻ ቢያጭድ አፈሩን አይውቀስ። ዘበኛው በሩን አልለቀቀም ማለት ነው። በሌላ በኩል አፋር ላይ በመስኖ የሚዘራ ስንዴ የሚፈራው ሙቀትን ነው። እዚያ ዘሩ ቀዝቀዝ ወዳለው ወቅት፣ ወደ ኅዳር የሚገፋው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ስንዴና ገብስ በሚበቅሉበት ብርድ በቆሎ ተዘርቶ አልወጣ ሲል «ዘሩ ሞቷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሙቀት እየጠበቀ በስብሶ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ፍሪጅና አራት ጨርቅ ይበቃል። ጨርቆቹን አርጥቡና ጨምቁ። ሁለቱ ላይ 50 50 ፍሬ ስንዴ፣ ሁለቱ ላይ 50 50 ፍሬ በቆሎ ደርድሩ፤ ጠቅልሉ። አንድ አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀሩትን ኩሽና አስቀምጡ። እንዳይደርቁ ብቻ እያያችሁ። ኩሽና ያለው ስንዴ በ3ኛው ቀን ነጭ ሥር ይዞ ታገኙታላችሁ። በቆሎውም ብዙ አይቆይም። የፍሪጁን ስንዴ አትጣሉት፤ ከ10 እስከ 15 ቀን ጠብቁት። አንድ በአንድ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣል። በቆሎው አጠገቡ እንደተኛ ነው። አብጧል፤ ልጣጩ ለስልሷል፤ በጣት ሲጫኑት ይላላል። ሥር ግን የለውም።